ሕፃን ከቤቱ ይዞት ስለሚመጣው ቋንቋ



በአሜሪካ፥ በቴክሳስ ግዛት፥ ማርፋ በምትባል ትንሽ ከተማ፥ የሜክሲኮ ተወላጆች ልጆች የሚማሩበት ብላክዌል የሚባል ትምህርት ቤት ነበረ። በ1954 ዓ.ም. (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው) ልጆቹ «እስፓንኛ አልናገርም» ብለው በወረቀት እንዲጽፉ ተደረገ፤ ወረቀቱም በሣጥን ተከትቶ እንደ ሬሳ ተቀበረ። ማታ ቤታቸው ሲገቡ ግን የሚጠብቃቸው ያው የተቀበረው ቋንቋ ነበር። ይህ ትምህርት ቤት በ2022 ዓ.ም. በወጣ ሕግ የታሪክ መታሰቢያ ሆኖ እንዲጠበቅ ተደርጓል።

በ1963 ዓ.ም. ግን በፍሎሪዳ ግዛት፥ በማያሚ ከተማ፥ ኮራል ዌይ በሚባለው ትምህርት ቤት ሌላ መንገድ ተጀመረ። ከኩባ የተሰደዱት ሰዎች ልጆችና የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ልጆች፥ የቀኑን እኩሌታ በእስፓንኛ፥ እኩሌታውን በእንግሊዝኛ ተማሩ። በወጣትነታቸው በቴክሳስ የሜክሲኮ ተወላጆችን ልጆች ያስተማሩት ፕሬዚዳንት ጆንሰን፥ በ1968 ዓ.ም. ለሁለት ቋንቋ ትምህርት የመንግሥት ገንዘብ የሚሰጥበትን ሕግ ፈረሙ። ካሊፎርንያ በ1998 ዓ.ም. ይህን ትምህርት በሕዝብ ድምፅ አጠበበች፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በሕዝብ ድምፅ መልሳ ፈቀደች።

ይሁን እንጂ ሰዓትን እኩል መክፈል ቋንቋዎቹን እኩል አያደርጋቸውም። በመንገድ፥ በገበያ፥ በቴሌቪዥን የሚበዛው እንግሊዝኛ ነውና፥ የአራት ዓመት ሕፃን እንኳ የትኛው ቋንቋ እንደሚከበር ፈጥኖ ያውቃል። ሦስት ሕፃናት በእስፓንኛ እየተጫወቱ ሳሉ እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቅ ልጅ ቢመጣ፥ ሦስቱ ወደ እርሱ ቋንቋ ይዞራሉ፤ እርሱ ወደ ሦስቱ ሲዞር የሚታየው ጥቂት ጊዜ ነው። መምህርቲቱም ሳታስበው እንዲሁ ታደርጋለች፤ መዝሙሩንና «ተቀመጡ» ማለቱን በእስፓንኛ ታደርግና፥ ቁም ነገሩ ሲመጣ ወደ እንግሊዝኛ ትሻገራለች። ከዚህም ሕፃኑ አንዱ ቋንቋ የጨዋታ፥ ሁለተኛው የዕውቀት መሆኑን ይማራል፤ ይህን ትምህርት ደግሞ ማንም በሰሌዳ አልጻፈለትም።

ስለዚህ ብልህ መምህርት ክብደት ያለውን ነገር ለእስፓንኛ ትሰጣለች። ዘሩ ስለ ምን እንደ በቀለ፥ ከሁለቱ ዕቃ የትኛው እንደሚከብድና በምን እንደ ታወቀ በእስፓንኛ ትጠይቃለች፤ ሕፃኑም ቃል እስኪያገኝ ትታገሣለች። በእንግሊዝኛ ቢመልስላት አትቈጣውም፤ አሳቡን ተቀብላ ያንኑ በእስፓንኛ መልሳ ትነግረዋለች። ሁለቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር ቢቀላቅል አእምሮው ታወከ አትልም፤ ሁለት ከረጢት ያለው ሰው ከሁለቱም ያወጣልና። ነገር ግን እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ እንዲከተሏት ብላ እስፓንኛውን እጅግ ብታቀልለው፥ ቋንቋው የቤቱ የሆነው ልጅ ይጐዳል፤ ይህንም ጉዳት የሚያስተውለው ጥቂት ሰው ነው።

«እስፓንኛውን እኛ በቤት እንሰጠዋለን፤ እናንተ እንግሊዝኛውን አስተምሩት» የሚሉ ወላጆች አሉ። እንጀራ በየትኛው ቋንቋ እንደሚገኝ ስለሚያውቁ አይነቀፉም። ዳሩ ግን ማንበብ ሁለት ጊዜ ከሥሩ የሚለመድ ነገር አይደለም፤ ፊደል ድምፅን እንደሚያመለክት በሚሰማው ቋንቋ የተረዳ ሕፃን፥ ያንን ማስተዋል ወደ ሌላው ይዞት ይሻገራል። የእስፓንኛ አጻጻፍም ከእንግሊዝኛው ይልቅ ለድምፁ የታመነ ስለ ሆነ ለጀማሪ ይቀላል። በኢትዮጵያም የመጻሕፍት መምህር የግእዙን ምስጢር በአማርኛ ማፍታታቱ ደቀ መዝሙሩን ከግእዙ አላራቀውም። ንባብ ያልተሰጠው የቤት ቋንቋ ግን ብዙ ጊዜ ከማጀት አይወጣም፤ ልጁም ባደገ ጊዜ ከአያቱ ጋር ሰላምታ ተለዋውጦ ከዚያ ወዲያ የሚናገረው ያጣል።

አንዳንድ መምህራን አያቶችን ወደ ክፍል ይጠራሉ። አንዲት ባልቴት መጥተው የበቆሎ ቂጣ እንዴት እንደሚጋገር ወይም የልጅነታቸውን ተረት በእስፓንኛ ሲነግሩ፥ በዚያች ሰዓት እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቀው ልጅ ወደ ጎረቤቱ ዘወር ብሎ «ምን አሉ?» እያለ ይጠይቃል።