ልጅ በመሻት ለሚያዝኑ እኅቶች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤

በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ ሁላችንም የሞት ፍርሃት አደረብን። ልጅ በመሻት ለምታዝን ሴት ግን በፍርሃቱ ላይ ሌላ ሸክም ተጨመረባት። በዚያው ወር የአሜሪካና የአውሮፓ የመካንነት ሐኪሞች ማኅበራት አዲስ ሕክምና ለጊዜው እንዳይጀመር መከሩ። ምክሩ ሕይወትን ለመጠበቅ ነበረ፤ ነገር ግን ዕድሜዋ ወደ አርባ ለተጠጋ ሴት የወራት መዘግየት ቀላል አይደለም። ከዘመድ ተለይታ በቤቷ የተቀመጠች ሴት ኅዘኗን የምታካፍለው አጣች። የዓለም ጤና ድርጅት በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የወረርሽኙ አስቸኳይ ጊዜ ማብቃቱን አስታወቀ፤ በልብ የተቀመጠ ቍስል ግን በዐዋጅ አይሽርም።

የኤልቃና ሚስት ሐና በሴሎ በእግዚአብሔር ፊት ስታለቅስ፣ ካህኑ ዔሊ የከንፈርዋን መንቀሳቀስ አይቶ የሰከረች መሰለው። ልብን ሳይመረምር በፊት ፈረደ። ኅዘኗን በሰማ ጊዜ ግን ተግሣጹን ትቶ በበረከት አሰናበታት። እንግዲህ አስተውሉ፤ ሐና ከዚያ ስትወጣ ገና አልፀነሰችም። ነገር ግን እህል ቀመሰች፤ የፊቷም ጥቍረት ተገፈፈ። ከሳሙኤል መፀነስ አስቀድሞ መጽናናት መጣላት።

ስለዚህ ጎረቤቶች ሆይ፤ «ክርስትና የምትጠሪን መቼ ነው?» እያላችሁ የቈሰለውን አትንኩ። ባሎች ሆይ፤ ምክንያቱ ከወንድም ሊሆን ይችላልና ሚስታችሁን ብቻዋን ወደ ሐኪም አትስደዱ። በዓለም ላይ ከስድስት ሰዎች አንዱ በዕድሜው ይህን ችግር እንደሚያይ የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ዓ.ም. ገልጿል።

አንቺም እኅቴ፤ ልጅ አለመውለድ ርግማን አይደለም። እንቅልፍ ቢርቅሽ፣ እህል ቢያስጠላሽ፣ መኖር ቢያስመርርሽ፣ ለንስሓ አባትሽ ንገሪ፤ የአእምሮ ሐኪምንም አማክሪ። ሲራክ ሐኪምን እንድናከብር አስተምሮናልና ጸበልና መድኃኒት ጠላቶች አይደሉም። ልጅ ቢሰጥሽም ባይሰጥሽም በእግዚአብሔር ዘንድ ክብርሽ አይጎድልም።

የሐናን ልቅሶ የሰማ አምላክ የእናንተንም ይስማ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።