የአበባ ምክር እንደየአገሩ ነው

(በሰፈራችን ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተነገረ። በስብሰባው ያልተገኙ አባላት እንዲያነቡት በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



የዛሬው ጉዳያችን በየደጃችንና በሰፈራችን መንገድ ዳር አበባ ስለመትከል ነው። ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የአባላት መዋጮ የሚነካ፣ የበጋ ውኃም ያለበት ጉዳይ ስለሆነ ከመወሰናችን በፊት ተረጋግተን ልንነጋገርበት ይገባል።

እንደምታስታውሱት ባለፈው ስብሰባ ሁለት ሐሳብ ቀርቦ ነበር። አንደኛው፣ ከማኅበሩ ገንዘብ ወጪ ሆኖ ከሌላ ከተማ የአበባ ችግኝ ተገዝቶ ይምጣ የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ጀሪካን ተሰልፎ ውኃ በሚቀዳበት ሰፈር አበባ ቅንጦት ነውና ይቅር የሚል ነው። ሁለቱም ያሉት ምክንያት አላቸው። ኮሚቴው የሚለው ግን ሦስተኛ ነው፤ በእኛው ብርድና በእኛው ዝናብ የሚያድገውን፣ በእኛው ጊዜ እንትከል። ይህ ከሆነ መዋጮውም አይባክንም፣ ውኃውም አይሻማም።

እንግዲህ ስለ አበባ የምንሰማው ምክር ከየት ነው የሚመጣው? ከሬዲዮ፣ ከስልክ፣ ከዘር ፓኬት ጀርባ፣ አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ካለ ዘመድ ነው። ምክሩ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ የተመከረበት አገር የእኛን ስላልመሰለ ነው። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ዳባት ወደ 2,600፣ አዲስ አበባ ወደ 2,400፣ ጎንደር ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይላል። ሰው በ100 ሜትር ከፍታ በወጣ ቁጥር አየሩ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ የሚያብበው ችግኝ እዚህ ሲመጣ የሚያገኘው አየር ወደ ሦስት ዲግሪ ያህል የቀዘቀዘ ነው። ሦስት ዲግሪ ትንሽ ትመስላለች። በኅዳር ሌሊት ግን ቅጠሉ አድሮ ሊነሣና ጠቁሮ ሊቀር የሚለየው በዚችው ነው።

ይህን ነገር ገበሬው ከእኛ ቀድሞ ያውቀዋል። ሊማሊሞን ወርዶ ዛሪማ ላይ ማሽላ ያየ ሰው ዘሩን ይዞ ወጥቶ ደባርቅ ላይ ይዘራዋል እንዴ? አይዘራውም። ደጋው ላይ ገብስ ነው የሚዘራው። በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ አገሩ ከ1,000 ሜትር በላይ እንደሚወርድ ያውቃላ! ለእህሉ ያወቅነውን ለአበባው መርሳት አይገባንም።

ስለዚህ አንድ ምክር ስንሰማ ሁለት ቦታ እንክፈለው። አንደኛው ምክንያቱ ነው፤ ለምን እንዲህ አድርጉ አሉ? ሁለተኛው ቀኑና ልኩ ነው። ምክንያቱ በሁሉም አገር ይሠራል። ቀኑና ልኩ ግን ለዚያው ለአገሩ ነው። አንዳንድ ምሳሌ እንይ።

አንደኛ፣ የመዝሪያ ጊዜ። ከአውሮፓ የመጣ የዘር ፓኬት አብዛኛውን ጊዜ በሚያዝያና በግንቦት፣ ብርዱ ካለፈ በኋላ ዝሩ ይላል። ምክንያቱ ለጋውን ቡቃያ ውርጭ እንዳያገኘው ነው። እነርሱ ዘንድ ብርዱ ከመዝሪያው በፊት ነው የሚያልፈው። እኛ ዘንድ ግን ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ ውርጩ የሚመጣው ዝናቡ ካቆመ በኋላ ሰማዩ ሲጠራ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ስለሆነም የእኛ አበባ ሩጫው ወደፊት ነው፤ ጥቅምት ሳይገባ አብቦ፣ ዘር ወደ መቋጠሩ መድረስ አለበት። ለመስቀል አበባ የሚፈልግ ሰው ግንቦት ላይ በቆርቆሮ ጣሳ ዘርቶ፣ ከቤት ጥግ አስቀምጦ በጥቂት ውኃ ያበቅለው። ዝናቡ ሲጸና በሰኔ መጨረሻ ደጅ ያዛውረው። ሐምሌ መጨረሻ የዘራ ሰው ግን ለውርጭ ነው የሚያሳድገው።

ሁለተኛ፣ ጽጌረዳ መግረዝ። መጽሐፉ ብርዱ ሊያልቅ ሲል ግረዙ ይላል፤ ምክንያቱ ከግርዛቱ በኋላ የሚወጣው ለጋ ቀንበጥ ሙቀትና እርጥበት እንዲያገኝ ነው። ያንኑ ምክንያት ይዘን ስናሰላው እኛ ዘንድ ጊዜው ግንቦት ነው። ጥቅምት ላይ የገረዘ ሰው ለጋውን ቀንበጥ አውጥቶ ለኅዳር ውርጭ ይሰጠዋል።

ሦስተኛ፣ ፀሐይና ግድግዳ። በውጭው መጽሐፍ ወደ ደቡብ የዞረ ግድግዳ ዓመቱን በሙሉ ፀሐይ አለው ይባላል። በእኛ አገር ግን ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ በስተሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። በቀረው ጊዜ በደቡብ በኩል ትሆናለች። ስለዚህ ብርድ የሚፈራ አበባ ያለው ሰው ለበጋው ሲል በደቡብ ግድግዳ ሥር ያድርገው። ግድግዳው ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይተፋለታል።

አራተኛ፣ አፈር መሸፈን። አፈሩ እንዳይደርቅ በገለባ አልብሱት ይላሉ። እኛ ዘንድ ገለባ የከብት ቀለብ ነው፤ ከላም አፍ ነጥቆ ለአበባ የሚያነጥፍ የለም። ነገር ግን ምክንያቱ እርጥበት ማቆየት ከሆነ ድንጋይ ሞልቶናል። በችግኙ ዙሪያ ጠፍጣፋ ድንጋይ ብንደረድር አፈሩ ቶሎ አይደርቅም። ድንጋዩም እንደ ግድግዳው ቀን ሞቆ ሌሊት ለሥሩ ይሰጣል። ዶሮም አይጭረውም።

አምስተኛ፣ ማዳበሪያ። ፍግ ጨምሩ የሚለው ምክር ትክክል ነው፤ ግን እበቱ ኩበት ሆኖ ምድጃ የሚገባበት ቤት ብዙ ነው። ለእሱ የሚሆነው የቤት ጥራጊ፣ የድንችና የሽንኩርት ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የደረቀ ቅጠል በአንድ ጉድጓድ ተጠራቅሞ ሲበሰብስ ነው። በብርዳችን ምክንያት ቶሎ አይበሰብስምና ለሰኔ የሚፈልገው ሰው ካለፈው መስከረም ጀምሮ ያጠራቅም። አመድም ይጠቅማል፤ ግን በእፍኝ እንጂ በአካፋ አይሁን፤ ሲበዛ አፈሩን ያበላሻል።

ስድስተኛ፣ የክረምት ውኃ። ችግኙን ውኃ አታስጠሙት የሚሉት ለእኛም እውነት ነው። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ በጥቁር አፈር ላይ ሲተኛ ሥር ይበሰብሳል። ስለዚህ መደቡ ከፍ ብሎ፣ ዙሪያውን ቦይ ይውጣለት። ከቆርቆሮ ጣሪያ ጠርዝ በቀጥታ ሥር የተተከለ ደግሞ የሚወርደው ውኃ አፈሩን ጠርጎ ሥሩን ያራቁተዋል። ከጠርዙ አንድ ክንድ ራቅ ይበል።

ሰባተኛ፣ ውርጭ። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውኃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይፈስሳል። በጉድባ ውስጥ የተተከለ አበባ ሲቃጠል ከፍ ካለው የተተከለው የሚተርፈው በዚህ ነው። ሰማዩ ጠርቶ፣ ነፋስ የሌለ ማታ ከሆነ ውርጭ ይጠበቃል። ፀሐይ ሳትጠልቅ በጆንያ መሸፈን፣ ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ማንሣት ነው። በጣሳ ያለውን ደግሞ ከጣሪያ ሥር ማስገባት ይበቃል።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ፤ የበጋ ውኃ። በየካቲትና በመጋቢት ቧንቧው ሲጠፋ እናቶቻችን ሌሊት ተነሥተው ወረፋ እንደሚይዙ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ኮሚቴው በግልጽ የሚያቀርበው ሕግ ይህ ነው፤ በወረፋ የተቀዳ ንጹሕ ውኃ ለአበባ አይፈስም። አበባ የሚጠጣው ዕጣቢ ነው። የእህልና የአትክልት ዕጣቢ ከሁሉ ይሻላል። ጥቂት ሳሙና ያለበትም አልፎ አልፎ ቢሆን አይጎዳም፤ በረኪና ያለበት ግን በጭራሽ አይሁን። በዕጣቢ ብቻ በጋን የማይሻገር አበባ ለእኛ ሰፈር አልተፈጠረም ማለት ነው፤ እሱን ትተን ሌላውን እንያዝ።

ሌላውስ ምን አለ? ሞልቷል እንጂ! አደይ አበባ አለ። በክረምት በቅሎ፣ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል አብቦ፣ በጋን በዘሩ ነው የሚሻገረው፤ ማንም ውኃ አያጠጣውም። ራሱ ደርቆ ሲጠቁር ልጆቻችን በጥቅምት ዘሩን ቢለቅሙ ለመንገዱ ዳር በሙሉ ይበቃል። አሽንዳ አለ፤ እንደ ችቦ ቀጥ ብሎ የሚያብብ ነው። ሥሩ ተከፍሎ ከጎረቤት ለጎረቤት ይሰጣል። ቀጋ አለ፤ በሞቃታማው የአፍሪካ ክፍል በተፈጥሮ የሚበቅል የጽጌረዳ ወገን ቢኖር ይኸው የእኛው ቀጋ ነው። አበባው ነጭ፣ መዓዛው ደስ የሚል፣ እሾሁ ለፍየል የማይመች፣ ፍሬውም የሚበላ ነው። አጥርም አበባም ይሆነናል። ቢጫ አበባ ያለው አሜጃ አለ። ዝቅ ያለውን ቦታ የሚሸፍን ጦስኝ አለ፤ እሱማ ሻይ ላይም ይገባል። ጤና አዳሙንም ከአበባ መደብ አናስወጣውም፤ ለቡናው ያስፈልገናል።

የውጭ ሰዎች ለእኛ አበባ የሚያደርጉትን ማወቅም ያስተምራል። ዊልሄልም ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1837 ወደ አገራችን መጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1878 እስኪሞት ድረስ እዚሁ ኖረ። ከትግራይና ከስሜን ተራሮች ብዙ ዕፅዋት ሰብስቦ ወደ አውሮፓ ልኳል። ጦስኝም በሳይንስ ስሙ እስከ ዛሬ የዚህን ሰው ስም ይዟል። ከኢትዮጵያ ጀምሮ በምሥራቅ አፍሪካ የሚበቅል ሌላም አበባ አለ፤ ቅጠሉ እንደ ሰይፍ፣ አበባው ነጭ ሆኖ መሐሉ ወይን ጠጅ ነው። ሽንኩርት የመሰለው ሥሩ በአውሮፓ ሱቆች ይሸጣል። እነርሱ ታዲያ ብርዱ ሲመጣ ሥሩን ከመሬት አውጥተው፣ በደረቅ ቦታ አስቀምጠው፣ ብርዱ ሲያልፍ መልሰው ይተክሉታል። እኛ ዘንድ በዱር ሲኖር ማን አውጥቶት ያውቃል? እነርሱ ለእኛ አበባ የራሳቸውን ዘዴ ካበጁ፣ እኛም ለእነርሱ አበባ የራሳችንን ማበጀት አያቅተንም።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለን። አንደኛ፣ ከስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ማንም ሰው ችግኝ ነቅሎ እንዳያመጣ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ የሁላችን ሀብት ነው። ጅብራን የመሰለ ተክል ለማበብ ብዙ ዓመት ይፈጅበታል፤ አንዴ አብቦም ይሞታል። ደጃችን ላይ ቢተከል እኛም አናየውም፣ ተራራውም ይጎድለዋል። ሁለተኛ፣ አበባው ስላማረ ብቻ ያልታወቀ ዘር አናስገባ። እምቦጭን እናውቃለን። ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ በዓለም የተሰራጨው አበባው አምሮ በመታየቱ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ግን በጣና ላይ ስንት ሰው በእጁ ሲነቅለው ከረመ! ያማረ ሁሉ ጎረቤት አይሆንም።

አበባ ምን ይጠቅማል ለሚሉ አባቶችም መልስ አለን። ንብ የሚቀስመው አበባ ነው። ቀፎ ያለው አባል አደይ ሲበዛ ማሩ እንደሚበዛ ይነግራችኋል። መንገድ ዳር የተተከለ አጥርና መደብም ጎርፍ አፈሩን እንዳይወስድ ይይዛል። ከዚህ ሌላ ደግሞ ልጆቻችን የሚያድጉበት ደጅ ደስ ቢል ምን ይከፋል? ደሀ ነንና ደጃችን ይከፋ የሚል ሕግ የለም።

በመሆኑም ኮሚቴው የሚከተለውን ለውሳኔ ያቀርባል።

1ኛ/ በዚህ ዓመት ከሌላ ከተማ ችግኝ አይገዛም፤ ለዚህ የታሰበው ገንዘብ ለመንገድ ዳር ቦይ ማውጫ ይዋል።

2ኛ/ ሥር፣ ቁራጭ ወይም ዘር ያለው አባል ለሌለው ይስጥ፤ ማን ምን እንዳለው በጸሐፊው መዝገብ ይጻፍ።

3ኛ/ በጥቅምት የአደይ ዘር ለቀማ ለልጆች ይሰጥ፤ ዘሩ በደረቅ ቦታ ተቀምጦ ለሰኔ ይቆይ።

4ኛ/ በወረፋ የተቀዳ ውኃ ለአበባ እንዳይውል ሁላችንም እንስማማ።

5ኛ/ አዲስ ነገር መሞከር የሚፈልግ አባል አይከለከልም። ነገር ግን ሁለት ሦስት ሥር ብቻ ይትከል፤ የተከለበትን፣ ያበበበትንና ውርጭ ያገኘበትን ቀን ያስመዝግብ። ሁለት ሦስት ዓመት ሲጠራቀም ከማንም ፓኬት ጀርባ የማናገኘው የደባርቅ ምክር በእጃችን ይኖራል።

በእነዚህ ላይ ሐሳባችሁን እንድትሰጡ በአክብሮት እንጠይቃለን።

የማኅበሩ ጸሐፊ