ካኪ ለብሰው ስለመጡት የህንድ ወታደሮች
(በዕድራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የማወራችሁ ስለ ህንድ ወታደሮች ነው። «ዕድርን ከህንድ ወታደር ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አይጠፋም። ትንሽ ታገሡኝ፤ ወደኛው ጉዳይ እመለሳለሁ።

የህንድ ወታደር በብዛት ወደ አገራችን የመጣው በ1860 ዓ.ም. ነው። የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር በቀይ ባሕር ዳር ዙላ ላይ ሲወርድ ካስከተለው 13 ሺህ ያህል ጦር የሚበዛው ህንዳዊ ነበር። ከባዱን መሣሪያ የተሸከሙት 44 ዝሆኖችም የመጡት ከዚያው ነው። ሚያዝያ 6 ቀን መቅደላ ተያዘች፤ ዐፄ ቴዎድሮስም እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ሠዉ።

በዚያ ዘመቻ እንግሊዛዊው ወታደር ከኋላው የሚጎርሰውን አዲሱን ስናይደር ሲይዝ፣ ህንዳዊው የያዘው በአፈሙዙ የሚጎርሰውን አሮጌ ጠመንጃ ነው። በ1849 ዓ.ም. የህንድ ወታደሮች ዐምፀው ስለነበር እንግሊዞች አላመኗቸውም። አብሮ መሞት አለ፤ እኩል መታጠቅ ግን የለም ማለት ነው።

በዚሁ ዘመቻ የካኪ ልብስም ታይቷል። ካኪ የሚለው ቃል ከህንድ የመጣ ሲሆን «አፈር የመሰለ» ማለት ነው። እኔ በጸሐፊነት ዘመኔ ስንቱን ደብዳቤ በካኪ ፖስታ አሽጌ ስልክ ትርጉሙን አላውቅም ነበር።

ሁለተኛ የመጡት በ1933 ዓ.ም. ፋሺስት ጣሊያንን ለመውጋት ነው። 4ኛውና 5ኛው የህንድ ክፍለ ጦር ካኪ ለብሰው፣ እንፊልድ ጠመንጃና ብሬን መትረየስ ይዘው፣ ሲኮቹም ጥምጥማቸውን እንደጠመጠሙ ዘመቱ። በመተማ በኩል ፕሬሚንድራ ሲንግ ባጋት የተባለ ወጣት መኮንን በአራት ቀን 15 ቦታ የተቀበረ ፈንጂ አጽድቶ የቪክቶሪያ ክሮስ ኒሻን ተሸለመ። መጋቢት 18 ቀን ከረን ተያዘ። የደቡብ አፍሪካ ጦር ደግሞ በኛው በከሚሴ መንገድ አልፎ ሚያዝያ 18 ቀን ደሴን ያዘና ወደ ሰሜን ገሠገሠ። ከሁለት በኩል የተያዘው የጣሊያን እንደራሴ ዱክ ዳኦስታ ግንቦት 11 ቀን አምባላጌ ላይ እጁን ሰጠ።

እንግዲህ ወደ ዕድራችን ልመለስ። በዚያ ጦር ውስጥ ሂንዱ፣ ሲክ፣ ሙስሊም፣ ክርስቲያን ነበረ። በሃይማኖታቸው ሥርዓት ሬሳቸው ለሚቃጠለው ለሂንዱዎቹና ለሲኮቹ ከረን በሚገኘው የጦር መቃብር መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። ለቅሶ የሚደርስ ዘመድ በአጠገባቸው ሳይኖር፣ እንደየእምነታቸው ተሸኙ።

በኛስ ከተማ? ከአዲስ አበባ ደሴ የሚወስደው መንገድ በመካከላችን ያልፋል። መኪና ተገልብጦበት ወይም ለሥራ መጥቶ ታሞ ዘመድ ሳይደርስለት የሚሞት አለ። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ሰው ሬሳ እስከ ማታ ሲውል፣ መዝገብ ገልጬ «አባል አይደለም» ያልኩት እኔው ነኝ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ከወር መዋጮአችን ጥቂት እየተነሣ ለእንግዳ ሬሳ ይቀመጥ እላለሁ። ሙስሊሙ በከፈኑ፣ ክርስቲያኑ በፍትሐቱ ይሸኝ። አፈር ሁላችንንም እኩል ያለብሰናል። ተወያዩበት።