ስለ ጠበቆች ማኅበር
(በተማሪዎች የውይይት ስብሰባ ላይ የተነገረ)



ባለፈው ስብሰባችን አንድ ወንድማችን ተነሥቶ «ጠበቆች ማኅበር ቢሠሩ የሚያተርፉልን ነገር ዋጋ ማስወደድ ብቻ ነው» ሲል ብዙዎቻችን ሳቅን። እኛ የሕግ ተማሪዎች ግን ነገሩን ስናብላላው ሰነበትን። ፈጽሞ ተሳስቷል ለማለት አንደፍርም፤ ማንኛውም የሙያ ማኅበር በሩን ዘግቶ የራሱን ሰዎች ብቻ ሊጠቅም ይችላልና።

ነገር ግን ጠበቃ በወንጀል ችሎት የሚሟገተው ከማን ጋር ነው? ከዐቃቤ ሕግ ጋር ነው። በ1992 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 199 መሠረት ለፌዴራል ጠበቆች ፈቃድ የሚሰጠው የፍትሕ ሚኒስቴር ነበር፤ ዐቃብያነ ሕጉም በዚያን ጊዜ የዚያው ሚኒስቴር ሰዎች ነበሩ። ሁለት ሰዎች ሲታገሉ የአንደኛው መታጠቂያ በሌላው ጌታ እጅ ተይዟል እንደ ማለት ነው።

ብቻውን የቆመ ጠበቃ ደግሞ አቅሙ ትንሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በአርሲ ተጠልፋ ጠላፊዋን በጥይት የገደለች የ14 ዓመት ልጅ በነፍስ ግድያ ስትከሰስ፤ ከአንድ ዓመት በፊት የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቆመላት፤ በነፃም ተለቀቀች። ለዚያ ሁሉ ምልልስ አንድ ጠበቃ ጊዜውንም ገንዘቡንም ከየት ባመጣው ነበር? ይኸው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2001 በፍትሕ ሚኒስቴር ታግዶ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንደገና ተከፍቷል። የሴቶቹ ጉዳይ ግን እስከዚያ ድረስ ቀጠሮ አይጠብቅም።

በ2013 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1249 ወጥቶ የፌዴራል ጠበቆች ማኅበር በሕግ እንዲቋቋም ሆኗል። ደስ ብሎናል፤ ሥጋታችን ግን አልለቀቀንም። ገንዘቡን ከፍሎ፤ ጠበቃው ቀርቶበት መዝገቡ የተዘጋበት ባለጉዳይ አቤት ሲል፤ ማኅበሩ ጓደኛውን ለመጠየቅ ይደፍራልን? እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የጠበቆች ሥነ ምግባር ደንብ እያንዳንዱ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል አዝዞ ነበር። ሰዓቱን ቁጭ ብሎ የሚቈጥር ከሌለ ትእዛዙ በወረቀት ላይ ይቀራል። ቈጣሪው መሥሪያ ቤት ከሚሆን ይልቅ የሙያ ባልደረቦቹ ቢሆኑ እንመርጣለን፤ ማን ከድኻ እንደሚሸሽ እርስ በርሳቸው ያውቃሉና።

ወንድማችን በዚህ ላይ መልስ ካለው መድረኩን እንለቅለታለን።