ክስ ሁሉ ታሪክ ነውን?

(በፔትዎርዝ፣ ዋሽንግተን፣ ለተሰበሰቡ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ጥያቄያችን አጭር ነው። በጦርነት ጊዜ አንዱ ወገን በሌላው ላይ ያቀረበውና እስከ ዛሬ ስምምነት ያልተደረሰበት ክስ በኢንሳይክሎፔዲያ ውስጥ ራሱን የቻለ አንቀጽ ይገባዋልን? ነገሩ የመጻሕፍት አዘጋጆች ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ አይደለም። የዛሬ ተማሪ የሚያነበው አንቀጽ ነገ የሚፈርድበት ማስረጃ ነውና።

በእኛ ላይ ከቀረበው ክስ ልጀምር። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 26 ቀን 1935 ቲቶ ሚኒቲ የተባለ ኢጣልያዊ አብራሪ በኦጋዴን፣ በደጋሐቡር አካባቢ ወርዶ ተገደለ። የኢጣልያ መንግሥትም ሰውየው ተሠቃይቶ አንገቱ ተቆርጧል ሲል በመንግሥታት ማኅበር ፊት ከሰሰ። መገደሉ አያጠያይቅም፤ አገዳደሉ ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ብዙዎች «የፋሺስት ፕሮፓጋንዳ ነው፤ ይጣል» ይላሉ። እኔ ይጻፍ እላለሁ። ክሱ እውነት ቢሆንም ባይሆንም በታሪክ ላይ ሥራ ሠርቷል። በዚያው ወር በ30ኛው ቀን የግራዚያኒ አውሮፕላኖች በመልካ ዲዳ የነበረውን የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል ሲደበድቡ የተሰጠው ምክንያት የአብራሪው አሟሟት ነበር። በመርዝ ጋዝ መጠቀማቸውንም በዚሁ ሰበብ «በቀል ነው» አሉት። የሬጆ ካላብሪያ አውሮፕላን ማረፊያም በሚኒቲ ስም ተሰየመ።

ሐሰቱም የሚጋለጠው ሲጻፍ ነው። ሙሶሊኒ ለግራዚያኒ ጋዝ የፈቀደበት ቴሌግራም የተላከው ኦክቶበር 27 ቀን 1935፣ ሚኒቲ ከመሞቱ ሁለት ወር በፊት ነው። በተከዜ ግንባር የራስ እምሩ ጦር በይፐሪት የተመታውም አብራሪው ከመሞቱ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ነው። በቀሉ ከበደሉ ቀደመ ማለት ነው! አንቀጹን ብንጥለው ይህን የቀን ቆጠራ ማን ያሳያል?

ርእሱ ግን ጥንቃቄ ይሻል። «የሚኒቲ መታረድ» ማለት ምስክር ሳይሰሙ መፍረድ ነው፤ «ስለ ሚኒቲ አሟሟት የቀረበ ክስ» ማለት ግን የታወቀውን ካልታወቀው ይለያል።

በሌላ በኩል «ያከራክራል» የሚለው ቃል የካጅ መጠለያ እንዳይሆን እንጠንቀቅ። የኢጣልያ መከላከያ ሚኒስትር ዶሜኒኮ ኮርቾኔ የመርዝ ጋዙን ነገር በይፋ ያመኑት በ1996 ነው። የታሪክ ጸሐፊው አንጄሎ ዴል ቦካ ሰነድ እያቀረበ ሲሞግት፣ በጦርነቱ የዘመተው ጋዜጠኛ ኢንድሮ ሞንታኔሊ ለብዙ ዓመታት ይክድ ነበር። ኢንሳይክሎፔዲያ የበዳዩን ኑዛዜ ቢጠብቅ ኖሮ 60 ዓመት ዝም ባለ ነበር። ቁስሉን ያከሙ የቀይ መስቀል ሐኪሞች ግን ገና በ1936 መስክረዋል።

ስለዚህ ሁለት መለኪያ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ከከሳሹና ከተከሳሹ ውጭ የሆነ ምስክር ወይም ሰነድ አለን? ሁለተኛ፣ ክሱ ራሱ ሌላ ድርጊት አስከትሏልን? አንዱ እንኳ ካለ ይጻፍ፤ ሁለቱም ከሌሉ በሌላ አንቀጽ ውስጥ አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃዋል።

መለኪያው ለእኛም ይሠራል። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ስለተጀመረው ጭፍጨፋ መንግሥታችን 30,000 ሰው አለቀ ሲል፣ ተመራማሪው ኢያን ካምቤል ወደ 19,000 ይገምታል። ጭፍጨፋው አያከራክርም፤ ቁጥሩ ግን ከነክርክሩ ይጻፍ። ቁጥሩ ቢቀንስ የሙታኑ ክብር አይቀንስም።

ዛሬም ፈተናው ከደጃችን ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ በማይካድራም በአክሱምም ሲቪሎች ተገድለዋል። የወገኑን ሙታን «ታሪክ»፣ የሌላውን ሙታን «ክስ» ብሎ የሚሰይም ተማሪ ሚዛኑን የሰበረ ነጋዴ ነው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ከዚህ ከፔትዎርዝ ብዙ በማይርቀው በኮሌጅ ፓርክ፣ በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት፣ የተማረኩ የኢጣልያ ጦር ሰነዶች በማይክሮፊልም ተቀምጠዋል። ቋንቋውን የምታውቁ ሂዱና አንብቡ፤ አገር ቤት ያላችሁም የሽማግሌዎቻችሁን ቃል ከነቀኑና ከነቦታው መዝግቡ። ያልመዘገበ ሕዝብ በሌላው መዝገብ ይዳኛል።