በመንግሥት ግንባታ የቀን ሠራተኛው ሒሳብ



የከተማው አስተዳደር በየካ አባዶ ያስገነባቸውን የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ባየሁ ቁጥር አንድ ነገር ይከነክነኛል። በጨረታ ሰነዶቻችን የሲሚንቶው ደረጃና የብረቱ ውፍረት ተለይቶ ይጻፋል፤ ለባሕር ዛፍ መወጣጫ እንኳ ዋጋ ይወጣለታል። በዋጋ ትንተናው ለቀን ሠራተኛ የሚሰፍረው ሒሳብ ግን ተቋራጩን አያስገድድም። በዝቅተኛ ዋጋ ያሸነፈ ሰው ከብረቱ መቀነስ ካልቻለ ከማን እንደሚቀንስ ታውቁታላችሁ።

አሜሪካ በ1931 እ.ኤ.አ. ለፌዴራል ግንባታ፣ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅትም በ1949 በስምምነት ቁጥር 94፣ በመንግሥት ውል የሚሠራ ሰው በአካባቢው ለተመሳሳይ ሥራ ከሚከፈለው እንዳያንስበት ደንግገዋል። ኢትዮጵያ ስምምነቱን አላጸደቀችም፤ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም የደመወዝ ቦርድን ነገር ለደንብ ትቶታል። ያም ሆኖ ውሉን የምናረቅቀው እኛው ነን። ክፍያ ከመጽደቁ በፊት ሠራተኛው የፈረመበት ፔሮል ይቅረብ የሚል አንቀጽ ለማስገባት ደንቡን መጠበቅ አያሻንም።