ለበደለን የታገሥነውን ለወንድማችን አንንፈገው

(በደብረ ኤልያስ ከዒሻ ሶላት በኋላ ለጀመዓው የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይሁን።

 

ረመዳን እየተቃረበ ነው። ደስ ብሎናል፤ ከደስታችን ጋር ግን ስጋትም አለን። ባለፈው ረመዳን በዚሁ በእኛ ጀመዓ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሌላ አገር ሰው አይደለም፤ ስለ ራሳችን ነው።

ነገሩ የጀመረው በተራዊሕ ነው። ስምንት ረከዓ ነው የምንል አለን፤ ሃያ ነው የምንል አለን። ሁለቱም ወገን ከዑለማዎች የያዘው ማስረጃ አለው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክርክሩ በለሆሳስ ነበር። እየቆየ ድምፅ ከፍ አለ፤ ማይክራፎን ከእጅ ተነጠቀ፤ የመስጂዱ ቁልፍ በማን እጅ ይሁን የሚል ጭቅጭቅ መጣ። ከዚያም በግለሰብ ቤት ሌላ ጀመዓ ቆመ። ከዒድ በኋላ ደግሞ ከመድረሳችን ልጆች መቅረት ጀመሩ። አንዲት ልጅ መንገድ ላይ አግኝተናት ለምን እንደቀረች ስንጠይቃት፣ «አባቴ የእነሱ ወገን ጋ አትቅሪ ብሎኛል» አለችን። ልጅቷ ገና አሊፍ ባ የምትቀራ ናት። ስለ ተራዊሕ ረከዓ የምታውቀው ነገር የለም። «ወገን» የሚለውን ቃል ግን ከእኛ ከትልልቆቹ ተማረች።

እኛ የምናቀራውም ከጥፋቱ ነፃ አልነበርንም። ደረሶቻችን እየሰሙን በወንድማችን ዕውቀት ያፌዝንበት ቀን ነበር። አላህ ይማረን።

ወንድሞችና እህቶች! እስቲ ጥቂት ወደ ኋላ እንመለስ። በጥር 2004 ዓ.ል በአዲስ አበባ አወሊያ የተነሳው ጥያቄ ምን ነበር? ጥያቄዎቻችን ሦስት ነበሩ። የአሕባሽ አስተምህሮ በመንግሥት ኃይል አይጫንብን፣ የመጅሊስ መሪዎቻችንን ራሳችን እንምረጥ፣ አወሊያ በሕዝበ ሙስሊሙ እጅ ይተዳደር የሚሉ ናቸው። የመጀመሪያውን ልብ እንበለው። አደባባይ የወጣነው ሰው ለምን የአሕባሽን ሐሳብ ያዘ ብለን አልነበረም። የፈለገ ይያዘው፣ በግድ ግን አትጫኑብን ነው ያልነው። ታዲያ ዛሬ ቁልፉና ማይክራፎኑ በእጃችን ስለገባ ብቻ የራሳችንን አቋም በወንድማችን ላይ የምንጭን ከሆነ፣ ያኔ የተቃወምነውን ነገር ራሳችን ደገምነው ማለት ነው።

በዚያ ትግል ሶብርን ተምረናል። ከጁሙዓ እስከ ጁሙዓ በሰላም ጠየቅን፤ ቢጫ ወረቀት ከፍ አድርገን ቆምን። ሕዝቡ የወከለው 17 አባላት ያሉት የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ ነበር። በሐምሌ 2004 እስሩ ተጀመረ። ሐምሌ 27 ቀን 2007 ዓ.ል ከኮሚቴው አባላትና አብረዋቸው ከተከሰሱት መካከል እስከ 22 ዓመት እስር የተፈረደባቸው ነበሩ። ያን ሁሉ ታገሥን። በአንድነትና በሰደቃ ዝግጅቶች ላይም ቁኑት የሚያደርገውና የማያደርገው፣ መውሊድ የሚያከብረውና የማያከብረው ከአንድ ትሪ በላ። ያን ጊዜ ማንም ጎን ለጎን የተቀመጠውን ወንድሙን «አንተ የማን ነህ?» ብሎ አልጠየቀም።

ሚያዝያ 23 ቀን 2011 ዓ.ል ዑለማዎቻችን በሸራተን አዲስ ተሰብስበው በአንድነት ሲስማሙና ሙፍቲ ሐጂ ዑመር ኢድሪስ የመጅሊሱ መሪ ሲሆኑ፣ በደስታ ያለቀስን ብዙ ነን። ሆኖም ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ በ2014 ዓ.ል በመሪነቱ ጉዳይ እንደገና ተወዛገብን። ማን ትክክል ነበር የሚለውን ዛሬ አንፈርድም። የምንጠይቀው ጥያቄ ሌላ ነው። ላሰረን የታገሠ ልብ በሶፍ አጠገቡ ለቆመው ወንድሙ ለምን ጠበበ?

እውነቱን እንነጋገር። በኃይለኛ ፊት መታገሥ አንዳንዴ አቅም ከማጣትም ሊሆን ይችላል። ሶብራችን የሚታወቀው መናገር እየቻልን ዝም ስንል፣ ማባረር እየቻልን ቦታ ስንለቅ ነው።

አላህ (ሱ.ወ) ሙሳንና ሃሩንን (ዐ.ሰ) ወደ ፊርዐውን ሲልካቸው በለዘበ ቃል እንዲናገሩት አዘዛቸው። እኛ ከሙሳ አንበልጥም፤ ወንድማችንም ከፊርዐውን አይብስም። ሌላም ትምህርት አለን። ሙሳ ከጡር ተራራ ተመልሰው ሕዝባቸውን ጥጃ ሲያመልኩ ሲያገኙ በቁጣ የወንድማቸውን ጢምና ራስ ያዙ። ሃሩን የመለሱትን ቁርኣን ነግሮናል፤ በበኒ ኢስራኢል መካከል ክፍፍል ፈጠርክ እንዳትለኝ ፈራሁ ነው ያሉት። ሃሩን ሕዝቡን አስጠንቅቀዋል፣ በጥፋቱም አልተባበሩም። ግን የሕዝቡ መከፋፈልም አስፈርቷቸዋል። ሙሳም ይህን ሲሰሙ ለራሳቸውና ለወንድማቸው ምሕረት ለመኑ።

ከኸንደቅ ዘመቻ በኋላ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሶሓቦችን ወደ በኒ ቁረይዛ ሲልኳቸው፣ ዐስርን እዚያ ሳይደርሱ እንዳይሰግዱ አዘዙ። መንገድ ላይ ወቅቱ ደረሰ። ከፊሎቹ «የፈለጉት እንድንፈጥን ነው» ብለው ሰገዱ። ከፊሎቹ ቃሉን እንዳለ ይዘው አዘገዩ። ጉዳዩ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲነገር ከሁለቱ አንዱንም አልወቀሱም። እነዚያ ሶሓቦች በሶላት ወቅት ተለያይተው፣ በአንድ ጦር ውስጥ አብረው ቀጠሉ።

ዐብደላህ ኢብኑ መስዑድም (ረ.ዐ) አሉ። ዑስማን (ረ.ዐ) በሚና ሁለት ረከዓ በማሳጠር ፈንታ አራት ሲሰግዱ ኢብኑ መስዑድ አልተስማሙም፤ አለመስማማታቸውንም ተናገሩ። ከዚያ ግን ከኋላ ቆመው አራት ሰገዱ። ለምን ሲባሉም መለያየት መጥፎ መሆኑን ነው የመለሱት። ልብ በሉ፤ ሐሳባቸውን አልደበቁም፣ ሶፉንም አልበተኑም።

ስለዚህ ሶብር ማለት ስሕተት ነው ብለን የምናምነውን ትክክል ነው ማለት አይደለም። የምናምንበትን በማስረጃና በአደብ እንናገራለን። ዐቂዳን የሚነካ ነገር ሲያጋጥመንም ወደ ዑለማዎች እንወስደዋለን እንጂ ለገበያ ወሬ አንሰጠውም።

ሶብር ደግሞ ያለ ኢኽላስ አይቆምም። ሥራ ሁሉ በኒያ ነው። ነፍስ ተንኮለኛ ናት፤ ለራሷ ክብር እየተከራከረች ለዲን የተቆረቆረች ታስመስላለች። ስለዚህ ከመናገራችን በፊት ሦስት ነገር ራሳችንን እንጠይቅ።

አንደኛ፣ እውነቱ በወንድማችን አንደበት ቢገለጥ ደስ ይለናል? ኢማሙ ሻፊዒይ በክርክር ጊዜ ሐቁ ከተከራካሪያቸው ጋር ቢገኝ ግድ እንዳልነበራቸው ይነገርላቸዋል። እኛን የሚከፋን ከሆነ፣ የምንፈልገው ማሸነፍን እንጂ ሐቁን አይደለም።

ሁለተኛ፣ ለብቻው ነግረነዋል? ቤቱ ሄደን ቡናውን ጠጥተን ሳንመክረው በማይክራፎን የምንዘልፈው፣ ድምፁን በስልክ ቀርፀን ወደ ሌላ ከተማ የምንልከው ከሆነ፣ ይህ ምክር አይደለም፤ ማዋረድ ነው። ከኋላው ያወራነውም ሐሜት ነው፤ «ለዲን ብዬ ነው» ማለት ሐላል አያደርገውም።

ሦስተኛ፣ ሌሊት ዱዓ አድርገንለታል? በሱጁዳችን ስሙን ያላነሳንለትን ሰው ሂዳያ እንፈልግለታለን ማለት ከባድ ነው።

ወንድሞችና እህቶች! እኛ በዚህ አካባቢ ቁጥራችን ብዙ አይደለም። ሰው ሲሞትብን ጀናዛውን የምንሸከመው እኛው ነን። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ል በዚሁ በምሥራቅ ጎጃም፣ በሞጣ፣ መስጂዶች ሲቃጠሉና የሙስሊም ሱቆች ሲዘረፉ፣ እሳቱ ይህ የሱፊ ነው፣ ያ የሰለፊ ነው ብሎ አልለየም። በየከተማው ድምፁን ያሰማውና መስጂዶቹ መልሰው እንዲሠሩ ገንዘብ ያዋጣው ሕዝብም በሞጣ ተራዊሕ ስንት ረከዓ እንደሚሰገድ አልጠየቀም። ከክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም አብረውን ያዘኑ ነበሩ። በመከራ ቀን አንድ የሆንን ሰዎች በሰላም ቀን ብንለያይ ለአላህ ምን መልስ አለን?

አልሐምዱሊላህ፣ ሽማግሌዎቻችን ቤት ለቤት ዞረው ሁለቱንም ወገን አነጋግረዋል። የተስማማንበትን ዛሬ በሁላችሁ ፊት እንደግመዋለን። ኢማሙ ሃያ ያሰግዳል። ስምንት የሚበቃው ስምንቱን ሰግዶ በጸጥታ ይወጣል፤ የሚወጣውን ማንም በዓይኑ አይከተለው፣ የሚወጣውም የቆመውን አይረብሽ። በሚያለያይ ጉዳይ ላይ ሁለቱ ወገን ሳይመካከሩ በማይክራፎን ንግግር አይደረግም። በመድረሳ ለልጆች የአዋቂ ጠብ አይነገርም። ቁልፉም በሁለት ሰው እጅ ይሆናል፤ ከየወገኑ አንድ። በዚህ ስምምነት ማንም አቋሙን አልጣለም። ማንም ከመስጂዱ አልተባረረም። ፈተናው ግን በመጪው ረመዳን ነው፤ በአሥረኛው ሌሊት፣ ድካሙና ረሃቡ ሲበረታ ነው ሶብራችን የሚታየው።

ከቀሩት ልጆች ብዙዎቹ ተመልሰዋል። ያቺ አሊፍ ባ የምትቀራው ልጅ ግን አልተመለሰችም። ነገ ከዐስር በኋላ ኢንሻአላህ ወደ አባቷ ቤት እንሄዳለን። የምንሄደው ማስረጃ ልንቆጥርለት አይደለም፤ ስለ እኛ በደል ይቅርታ ልንጠይቀው ነው። እናንተም ያስቀየማችሁት ካለ ረመዳን ሳይገባ በሩን አንኳኩ።

አላህ ሆይ! ልባችንን በሐቅ ላይ አስተሳስርልን። ሥራችንን ላንተ ብቻ የጠራ አድርግልን። ለወንድሞቻችን የሚታገሥ ልብ ስጠን። በመከራ የሰጠኸንን አንድነት በሰላም ጊዜ አትንሳን። ረመዳንን በአንድ ሶፍ አድርሰን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

አላሁ አክበር!